ጫናው «ሹ» ላይ ነው

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

የምጽፍላችሁ ከሊትዌኒያ ዋና ከተማ ከቪልኒዩስ ነው። እዚህ ዳቦ ቤት እሠራለሁ። ሊትዌንኛ መማር ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። እስካሁን የሚያንገላታኝ የግሱ አጽንኦት ነው፤ ከቃሉ የትኛው ክፍል ጫን ተብሎ እንደሚነገር።

በቀደም የጎረቤቴን የድንች ከረጢት ይዤ ደረጃ ስንወጣ «ነሹ» አልኳቸው፣ «እኔ እሸከማለሁ» ለማለት። «ነ»ን ጫን አድርጌ ነበር። አሮጊቷ ቆም አሉና የደረጃውን ብረት በቀለበታቸው መታ አደረጉ። «ሹ ላይ!» አሉኝ። «ይሸከማል» ሲባል ደግሞ «ኔሻ» ነው፤ ጫናው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። «አይሸከምም» ሲባል «ነነሻ»፤ አሁንም ሸሽቶ አፍራሹ «ነ» ላይ ይወጣል። «ቤጉ» (እሮጣለሁ) ግን «ቤጋ» ቢሆን፣ «ነቤጋ» ቢሆን፣ ከ«ቤ» ንቅንቅ አይልም።

ምክንያቱን ሳውቅ እንቅልፌ ጠፋ። የቋንቋ ሊቃውንቱ፣ የስዊሱ ፈርዲናንድ ደ ሶሲርና ሩሲያዊው ፎርቱናቶቭ፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በየፊናቸው ደርሰውበታል። የ«ነሹ» መጨረሻ ድሮ ረጅምና ከባድ ነበር። ቀላል ከሆነው ሥር ላይ ጫናውን ወደ ራሱ ሳበው። በኋላ መጨረሻው አጠረ፤ ጫናው ግን እዚያው ቀረ። «ይዤ እሄዳለሁ» ሲሉ «ነሹኦሲ» ይላሉ። ያ የድሮው ርዝመት እስከ ዛሬ እዚያ ውስጥ ይሰማል! የ«ቤጉ» ሥር ራሱ ከባድ ስለሆነ አልተበገረም።

ከዚህ ሁሉ ያስቀናኝ ሚካሎዩስ ዳውክሻ የሚባል ቄስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1599 ቪልኒዩስ ላይ ባሳተመው የስብከት መጽሐፍ የጫና ምልክት አድርጓል። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ሰው ቃሉን የቱ ላይ እንደጫነው የዛሬ ተመራማሪ ዐይቶ ያውቃል።

እኛስ? ልጄ እዚህ ነው የተወለደችው። ባለፈው ቅዳሜ ከጋዜጣችሁ ላይ «ልጁ ይመታል» የሚል አነበበችና «እማዬ፣ እሱ ነው የሚመታው ወይስ እሱን ነው የሚመቱት?» አለችኝ። «መ» እና «ታ» ከላሉ መቺ ነው፤ ከጠበቁ ተመቺ። ፊደሉ ያው ነው። እኔ አዲስ አበባ ስላደግሁ ጆሮዬ ይለየዋል፤ የእሷ ጆሮ ከየት ያመጣዋል?

ከፊደሉ አናት ላይ የምትቀመጥ የማጥበቂያ ነጥብ አለችን። ኮምፒውተርም ያውቃታል። ጋዜጣው በሙሉ ይነጠብ አልልም፤ ዓይን ያደክማል። ቢያንስ የልጆች አምዳችሁ ላይ፣ ቢያንስ እንዲህ መንታ የሆኑት ግሶች ላይ አድርጉልን። ልጄ የምታነበው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከቪልኒዩስ