የእናቴን አርባ በስልክ ነው ያየሁት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለቪዛና ለቢጫ ካርድ ጉዳይ ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር ኃላፊ፤

እስካሁን ሦስት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ። የመጀመሪያውን የአስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ሁለተኛውን በኢሜይል ላክሁ። ሦስተኛውን ወንድሜ ይዞ ሄዶ መዝገብ ቤት ቁጥር አስወጣለት። ቁጥሩ እጄ ላይ አለ፤ መልሱ ግን የለም። ስለዚህ አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጻፍኩት። የመሥሪያ ቤትዎን ስም አልጠራም። እርስዎ ሲያነቡት ያውቁታል።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ሆኜ እሠራለሁ። የአሜሪካ ፓስፖርት ከያዝኩ ወዲህ አገሬ የምገባው በቢጫ ካርድ፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚሰጠው መታወቂያ፣ ነበር። ካርዱ ጊዜው ሊያልፍ ሲል እድሳት አመለከትኩ፣ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ። አምስት ወር ጠበቅኩ። ካርዱ ሳይመጣ የወንድሜ ስልክ መጣ። "እማዬ ደክማለች፣ ቶሎ ነይ" አለኝ። እንዲህ ተብሎ የተደወለለት ሰው ካርድ አይጠብቅም። ያኔውኑ ኢንተርኔት ላይ የ30 ቀን ቪዛ አወጣሁና ኅዳር 28 ቦሌ ደረስኩ።

እማዬ ታኅሣሥ 9 አረፈች።

አርባዋ ጥር 18 ይውላል። የእኔ ቪዛ ታኅሣሥ 27 ያበቃል። የጠየቅኩት በመካከል ያሉትን ቀናት ነው። ሦስት ሳምንት ብቻ።

ከሠልስት ማግስት፣ የእድሩ ድንኳን ሲፈርስ፣ ጥቁሬን እንደለበስኩ ወደ እናንተ መጣሁ። ቪዛ ማራዘሚያ መስኮት ላይ ፓስፖርቴንና የሞት ማስረጃውን ሰጠሁ። ልጅቷ ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ ስታስገባ የድሮው ካርዴ ወጣ። "አንቺ የቢጫ ካርድ ነሽ፣ ወዲያኛው መስኮት ሂጂ" አለችኝ። ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ተሰለፍኩ። እዚያ ያለው ልጅ ደግሞ "ካርድሽ ጊዜው አልፏል፣ እድሳትሽም ያለው ውጭ አገር ነው። የገባሽው በቪዛ ስለሆነ ወደ ቪዛ ሂጂ" አለኝ።

ከአንዱ መስኮት እስከ ሌላው በእኔ እርምጃ 22 ነው። ቆጥሬዋለሁ። አራት ቀን ተመላልሼበታለሁ።

በሁለተኛው ቀን ፎቶ ኮፒ ጎደለ ተባልኩ፤ አሟልቼ መጣሁ። በሦስተኛው ቀን ሲስተም የለም ተባለ። በአራተኛው ቀን የቪዛዋ ልጅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ነፍስ ይማር እህቴ፤ እኔም እናት አለችኝ፣ ግን ያለ ኃላፊ ፊርማ ምንም መንካት አልችልም" አለችኝ። በእሷ አልተቀየምኩም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ተቀምጬ ጠበቅኩ። አልወጡም። ስወጣ በር ላይ አንድ ሰውዬ ተከተለኝና "እኔ ዛሬውኑ ላስጨርስልሽ" አለ። የጠራው ገንዘብ የእማዬን ዝክር ይችል ነበር። እምቢ አልኩት።

ቀኑ ቢያልፍብሽ ምን ይመጣል ይሉኝ ይሆናል። ቅጣቱ በየቀኑ በዶላር ይቆጠራል። ከገንዘቡ ይልቅ ግን የፈራሁት መዝገቤን ነው። "ያለ ፈቃድ ቆይታለች" ተብሎ የካርዴ እድሳት ይበላሻል ብዬ ሰጋሁ። ያኔ የአባቴንም ቀብር ላጣ ነው። አባቴ 81 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ 27 ማታ፣ ገና ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ተሳፈርኩ። አባዬ በር ድረስ ሸኝቶኝ "ምነው አርባዋ እስኪወጣ እንኳን?" አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።

ጥር 18 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ፍትሐቱ ሲጀመር ቨርጂኒያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ገባሁና ስልኬን የፎጣ ክምር ላይ አቆምኩት። ወንድሜ ካሜራውን ያዞራል። ቄሱ ታዩኝ፣ ጧፍ ታየኝ፣ የእማዬ ፎቶ ላይ የተደረበው ነጠላ ታየኝ። ከጎረቤቶቻችን አንዷ "ልጅቱስ የት አለች?" ስትል ሰማሁ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል የአንድ ክፍል ጥሪ ደወል ጮኸ፤ አንዲት አሮጊት ውኃ ፈልገው ነበር። ስልኩን ዘግቼ ሄድኩ።

ክቡር ኃላፊ፣ አዋጅ ቁጥር 270/1994ን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። አንቀጽ 5 ካርዱን የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም ይላል። ሌላ ዜግነት ስወስድ ኢትዮጵያዊ ዜግነቴ እንደሚቀር አውቄ ነው የወሰድኩት። አልመርጥም፣ አልመረጥም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ አልቀጠርም። ይህን ተቀብያለሁ። ነገር ግን አዋጁ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሚለው ካርድ ያለውን ሰው አይደለም። ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረውን፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረውን ነው። ካርዱ የዚህ ማስረጃ ነው። የማስረጃው ቀን ሲያልፍ የእናቴ ልጅ መሆኔ አብሮ አያልፍም። ታዲያ የእናንተው ቢሮ እድሳቱን አምስት ወር ሲያቆየው ዕዳው ለምን በእኔ ይሆናል?

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ቬትናማዊት አለች። እዚህ ፎልስ ቸርች ውስጥ ኤደን ሴንተር የሚባል ትልቅ የቬትናሞች ገበያ አለ፤ ሰንበት ሰንበት የምትውለው እዚያ ነው። ወላጆቿ የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን በ1975 እ.ኤ.አ. በኮሚኒስቶች እጅ ከወደቀች በኋላ በጀልባ የወጡ ናቸው። ሸሽተው የወጡት ደግሞ ዛሬ አገሪቱን ከሚመራው ፓርቲ ነው። እሷ ግን በየዓመቱ ለአዲስ ዓመታቸው፣ ለቴት፣ ትሄዳለች። ፓስፖርቷ ውስጥ ያለውን ወረቀት አሳየችኝ። እስከ አምስት ዓመት የሚያገለግል የቪዛ ነጻ ማረጋገጫ ነው። በገባች ቁጥር እስከ ስድስት ወር መቀመጥ ትችላለች። በቂ ምክንያት ካላት ደግሞ እዚያው ሆና ታራዝማለች። ባሏ አሜሪካዊ ነው፤ ሚስቱ ቬትናማዊት ስለሆነች ለእሱም ያው ወረቀት ተሰጥቶታል። ሕጉን በ2015 እ.ኤ.አ. በድንጋጌ አውጥተውታል። የእኔን ታሪክ ስነግራት "አርባ ቀን ብቻ ነበር የፈለግሽው?" አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። አገሬን ለባዕድ ማማት ያሳፍረኛል።

የእኛ አዋጅ በወረቀት ላይ ከእነሱ አያንስም። እንዲያውም ይበልጣል፤ የሥራ ፈቃድ ሳንጠየቅ መሥራትንና ቤት መግዛትንም ይፈቅዳል። እኔን የጎዳኝ ሕጉ አይደለም፤ መስኮቱ ነው። በዚህ በኩል ከእኔ የባሰባቸውም ነበሩ። ሻሸመኔ ላይ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት፣ ልጅ ወልደው የልጅ ልጅ ያዩ ራስተፈሪያኖች መታወቂያ እንደሚሰጣቸው የተነገረው በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። እዚያው ተወልደው እዚያው ያደጉ ብዙ ሰዎች እስከዚያ ድረስ የመኖሪያ ወረቀት አልነበራቸውም።

በ2014 ዓ.ም. መንግሥት አንድ ሚሊዮን ሰው ለገና አገር ቤት ይግባ ብሎ ሲጠራ ከመጡት አንዷ ነኝ። ጦርነት ነበር፤ ባለቤቴ አትሂጂ ብሎኝ ነበር። ቦሌ ላይ እንኳን ደህና መጣችሁ ስትሉን አልቅሻለሁ። ያዋጣሁትን፣ የላክሁትን አልቆጥርም፤ ለአገሬ ነው። ግን ለገና የጠራችሁኝን ሰው ከገና ሁለት ቀን በፊት፣ የእናቴ አፈር ሳይደርቅ፣ ባዶ እጄን ሸኛችሁኝ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እድሳት ያመለከተ ሰው ደረሰኙ ካርዱ እስኪመጣ እንደ ካርድ ይቁጠርለት። ሐዘን ወይም የታመመ ሰው ያለበት ደግሞ አንድ መስኮት ላይ፣ በመጣበት ቀን፣ ቆይታው ይራዘምለት። ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ የእርስዎ ፊርማ ይበቃል።

የእማዬ ሙት ዓመት በመጪው ታኅሣሥ 9 ነው። የእድሳት ደረሰኜ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ካርዱ እስከዛሬ አልመጣም። በዚህ ወር ውስጥ ትኬት መቁረጥ አለብኝ። ስመጣ የትኛው መስኮት እንደሚያስተናግደኝ በጽሑፍ ይንገሩኝ።