ለዚያች ተሳፋሪ፣ ለባጃጅ ተራ ልጆችና ለሰፈሬ ሰዎች

እህቴ፣ ስምሽን አላውቀውም። እዚህ ድሬዳዋ በባጃጄ ከከዚራ ወደ ሳቢያን ይዤሽ ስሄድ መንገድ ተዘጋግቶ ቆምን። ወሬ ለመጀመር ያህል ስልኬን አወጣሁና «ልጄን እይልኝ፣ ሰላም ሲል!» አልኩሽ። ያኔ አምስት ወሩ ነበር። ከእንቅልፉ ሲነቃ ሁለት እጁን ዘርግቶ አንገቱን ደፋ ያደርጋል። ይመለሳል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ይደግመዋል። ሰፈር ውስጥ «አቦ፣ ይሄ ልጅ ከአሁኑ ሰላምታ ያውቃል» ተብሎለት ነበር።

አንቺ ግን አልሳቅሽም። «ስንት ጊዜ ይደጋግመዋል? ሲነቃ ነው? መሳቅስ ቀንሷል?» አልሽኝ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አፌ ተያዘ። እውነትም ልጁ መሳቅ ካቆመ ሰንብቷል። «ዛሬውኑ ሐረር ውሰደው፣ ቪዲዮውን እንዳታጠፋው» ብለሽ ሒሳብሽን ከፍለሽ ወረድሽ። ያንን ሒሳብ መቀበሌ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ በፊትም ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ወስደነው «ሆዱን ቆርጦት ነው» ብለው ሽሮፕ ሰጡን። 19 ቀን እሱን ስናጠጣ ከረምን። ክብሪት ጭረው ያሸተቱልንም አሉ። ክፋት የለባቸውም። ነገሩ ሰው የሚያውቀውን የሚጥል በሽታ አይመስልማ! መንፈራገጥ የለ፣ አረፋ መድፈቅ የለ።

ሐረር ያገኘናቸው የሕፃናት ሐኪም ቪዲዮውን ሁለቴ አዩትና ወደ አዲስ አበባ ጻፉልን። የባጃጅ ተራ ልጆች፣ የዚያን ሳምንት ዕቁብ ዕጣ ሳታወጡ ለእኔ የሰጣችሁኝን እስክሞት አልረሳውም። ዕጣው ሊወጣለት ይችል የነበረውም ሰው አልተነፈሰም።

አዲስ አበባ የሚደረገው የአንጎል ሞገድ ምርመራ ኢኢጂ ይባላል። ልጁ በምርመራው ላይ መተኛት ስላለበት፣ ባለቤቴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እያጫወተች ሳያንቀላፋ አነጋችው። ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ በሽቦ አደረጉት። ዶክተሯ ስክሪኑን ወደኛ አዞሩት። የጤነኛ ሕፃን ሞገድ ሥርዓት አለው። የኔ ልጅ ግን ቅዳሜ ረፋድ ቀፊራ ገበያ በሉት። ሁሉም ይጮኻል፣ ማንም ማንንም አይሰማም።

ሥራዬን ሲሰሙ በባጃጅ አስረዱኝ። የአንጎል ሴሎች በኤሌክትሪክ ነው የሚነጋገሩት። አንዱ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሌላው ፍሬን ይይዛል። ሕፃን ላይ ፍሬኑ ገና አልጠነከረም። ሚዛኑ ሲዛባ አንጎሉ በሁከት ተጠምዶ ይውላል፤ የሚማረውን አይማርም፣ የተማረውንም ይረሳል። ልጄ መሳቅ ያቆመው ለዚህ ነው። ለካ በዚህ በሽታ ቀን አይባከንም።

የበሽታው ስም ኢንፋንታይል ስፓዝም፣ በሌላ ስሙ ዌስት ሲንድረም ነው፤ ሕፃናትን የሚይዝ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው። ዌስት እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. ላንሴት ለሚባለው የሕክምና መጽሔት የጻፈው ስለ ገዛ ልጁ ነው። እሱም አልቅት ሳይቀር ሞክሯል። አንድ የለንደን ሐኪም ደግሞ ያንን አጎንብሶ መነሣት «ሰላም» ብሎት ነበር አሉን። እኔና ባለቤቴ ተያየን።

መንስኤውን ለማወቅ ቆዳው ላይ ነጣ ያለ ምልክት ካለ ብለው ጨለማ ክፍል ውስጥ በልዩ መብራት ፈለጉ። አላገኙም። ኤምአርአይ የሚባለው የአንጎል ምስልም ንጹሕ ሆነ። መንስኤው ካልታወቀና ልጁ ቀድሞ በደንብ ያድግ ከነበረ ተስፋው የተሻለ ነው አሉን። ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ታዘዘለት፣ በቀን አራት ጊዜ ተፈጭቶ። መድኃኒቱ ለምን እንደሚሠራ ሐኪሞቹም ገና ጠንቅቀው አልደረሱበትም። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ነቃ፣ አየን፣ እጁን አልዘረጋም። ባለቤቴ እስከ እኩለ ቀን ድረስ አላመነችም።

መድኃኒቱ ፊቱን አሳበጠው። ሌሊት ሌሊት ራበኝ ብሎ ያለቅሳል። መንገድ ላይ «ማሻአላህ፣ ወፈረ!» ሲሉን ምን እንበል? በድንገት ማቆም ክልክል ስለሆነ ቀስ በቀስ ነው የተቀነሰው። የሰፈራችን ሲስተር፣ ያንን ሁሉ ቀን በዚያ ሙቀት ደም ግፊቱን ለመለካት ቤታችን ድረስ የመጡት፣ እግዜር ይስጥልን። ኢንፌክሽን ይይዘዋል ተብለን በራችንን ስንዘጋባችሁ ቅር ሳትሰኙ ሻዩንና ሳምቡሳውን ደጃፍ አስቀምጣችሁ የሄዳችሁ ጎረቤቶቻችን፣ ይቅርታም ምስጋናም ይድረሳችሁ።

ሁለተኛው ኢኢጂ ሁከቱ እንደጠፋ አሳየ። ዛሬ ልጁ 13 ወሩ ነው። ይቀመጣል፣ ይድሃል፣ ገና አልቆመም። ክትትሉ ይቀጥላል። ይስቃል፣ በተለይ የባጃጁ ጥሩምባ ሲነፋ።

ቪዲዮውን አላጠፋሁትም። ልጁ እንዲህ የሚያደርግበት ወላጅ ካለ ለገሃር ፊት ለፊት ተራ እይዛለሁ፣ መጥቶ ይየው። አንቺም በዚያ ካለፍሽ ግቢ፣ ሒሳብ የለም።