ሐይቁ ሲሸሽ ባለቤት ስለሚያጣው መሬት፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለባሕር ዳር ከተማ የሐይቅ ዳርቻ ጉዳይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፦

ካለፈው ሰኔ ወዲህ ሦስት ማመልከቻዎችን በእጄ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ አድርሻለሁ። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ከቁጥሩ በቀር ግን ያገኘሁት ነገር የለም። አራተኛውን በአደባባይ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ጉዳዩን ያውቁታል። ባለፈው ግንቦት፣ ጣና እጅግ በሸሸበት ሰሞን፣ ሲኖትራኮች ከሰፈራችን በታች ካለው ዳርቻ የመሙያ አፈር ሲያግዙ ሰነበቱና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጉድጓድ ትተው ሄዱ። ውሃው ተመልሶ ሳይሸፍነው ይደፈን ብዬ በሰኔ ባመለክት «ክረምቱ ይውጣ» ተባልሁ። ክረምቱ ወጣ። በጥቅምት ስመለስ፣ ቦታው ገና በውሃ የተያዘ ስለሆነ የሚመለከተው ሐይቁን የሚጠብቀውን መሥሪያ ቤት ነው አሉኝ፤ እዚያ ስሄድ ደግሞ ዳርቻው የከተማው መሬት ነው ተባልሁ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው በባጃጅ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም፤ ማመልከቻዬ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

በኅዳር የእህቴ ልጅ ገባበት። ዕድሜው ዘጠኝ ሲሆን የወረደውም የጠፋች ጥጃ ሊፈልግ ነበር። ጉድጓዱ የክረምቱን ደለል ጠጥቶ፣ ላዩ በፀሐይ ደርቆና ሣር ለብሶ ሜዳ መስሏል፤ ልጁ ሁለት እርምጃ እንደተራመደ እስከ ደረቱ ሰመጠ። እናቱን ሦስት ሆነን ይዘን አስቀረናት፤ በማጥ የተያዘን ሰው በእግሩ ሄዶ ሊጎትት የሚሞክር አብሮ እንደሚሰምጥ የዳርቻ ሰው ያውቃልና። ያወጡት ሁለት ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ የደንገል ታንኳቸውን በጭቃው ላይ ገፍተው፣ በሆዳቸው ተኝተውበት፣ ብብቱን ይዘው ቀስ በቀስ መዘዙት። ይህንኑ ዘርዝሬ ያስገባሁት ሦስተኛው ማመልከቻ «አባሪ ይጎድለዋል» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት ተመለሰልኝ። ምን ላያይዝ ኖሯል? ልጁን?

ጣና ድንገት የሚሸሽ ሐይቅ አይደለም። ከመስከረምና ከጥቅምት ሙላት በኋላ እየቀነሰ እስከ ግንቦትና ሰኔ እንደሚወርድ፣ ልዩነቱም በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል እንደሆነ፣ የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ ደግሞ ወደ ዓባይ የሚወጣው ውሃ በበር እንደሚለቀቅ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ዳርቻው ለጥ ያለ በመሆኑ ውሃው በስንዝር ሲወርድ መሬቱ በብዙ እርምጃ ይገለጣል፤ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ማጥ ሆኖ ይሰነብታል፤ በየኩሬው የሚቀረው ውሃ የወባ ትንኝና ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ ያረባል፤ ማታ ማታም ጉማሬ ለምለሙን ሣር ፍለጋ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው መሬቱ ውሃም ደረቅም ባልሆነባቸው ወራት ነው፤ እነዚያኑ ወራት ደግሞ ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች የእኔ አይደሉም ይላሉ። በጥር ባሕር ሸሹ መሬት ሲጠነክር ግን ባለቤት አላጣም፤ ሜትር የያዙ ሠራተኞች በማለዳ መጥተው ለኩት። ከጉድጓዱ አጠገብ ሲደርሱ ዞር ብለው አለፉ፤ መኖሩንማ አይተውታል ማለት ነው።

አፈሩን የወሰደው ወገን ጉድጓዱን እንዲደፍን ይታዘዝልን፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ዳርቻው የማን እንደሆነም በጽሑፍ ይነገረን። እስከዚያው የሰፈሩ ሰው የባሕር ዛፍ እንጨት ተክሎ ቀይ ጨርቅ አስሮበታል፤ ነፋስ ሁለት ጊዜ ወስዶት ሁለት ጊዜ ቀይረናል። አድራሻዬ በሦስቱም ማመልከቻዎች ላይ ይገኛል።