ካሜራውም ይገዛ፣ ደብተሩ ግን አይጣል

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ገጽ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ አብያተ ክርስቲያናት ከኮሮናው ዘመን ሊማሩት የሚገባው ትልቁ ነገር የቀጥታ ሥርጭት ነው ብለዋል፤ እያንዳንዱ ደብር ካሜራ ገዝቶ ቅዳሴውን በኢንተርኔት ያስተላልፍ ሲሉም መክረዋል። ሐሳባቸውን አላጣጥልም። እኔ ግን በስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀምጬ ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን በጉለሌ የአንድ ሰንበቴ፣ ማለትም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብሮ ማዕድ የሚቋደስ የምእመናን ማኅበር፣ ጸሐፊ የሆንኩ ሴት ነኝ። በ2012 ዓ.ም. የእኛን ደብር ምእመናን ሳይበተኑ ያቆያቸው ካሜራ አልነበረም። ድምፅ ማጉያ፣ ተራ የእጅ ስልክ፣ ዳቦና አንድ ደብተር ነበሩ። ይህን ሳልናገር ብቀር በጊዜው የደከሙትን ሰዎች የበደልኩ ይመስለኛል።

በሽታው አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን፣ ዓርብ ዕለት ነው። እሑዱ መፃጉዕ ነበር። በመፃጉዕ እሑድ የሚነበበው ወንጌል ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የቆየውን፣ ጌታችን ሲጠይቀው «ሰው የለኝም» ያለውን በሽተኛ ታሪክ የያዘ ነው። ያን ዕለት ግን ወሬያችን ሁሉ ስለ ፌጦ፣ ስለ ነጭ ሽንኩርትና ስለ ሎሚ ዋጋ ነበር። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተጣደፈ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ካህናት በመኪና ላይ ሆነው የከተማዋን ጎዳናዎች አጠኑ። አንዳንድ ወጣቶች ሲስቁ ሰምቻለሁ፤ እኛ ግን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው በ1911 ዓ.ም. ከመጣው የኅዳር በሽታ ወዲህ መሆኑን ከአያቶቻችን ሰምተናል። ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው የተነሡበት በሽታ ነበር። ስለዚህ ዕጣኑ አዲስ ነገር አልሆነብንም።

አዲስ የሆነብን የቤተ ክርስቲያኑ በር ነው። ቅዱስ ሲኖዶስ አገልግሎቱ በተወሰኑ ካህናትና ዲያቆናት እንዲቀጥል፣ ምእመናን በየቤታችን ሆነን እንድንጸልይ ሲወስን መጀመሪያ ላይ ሰዉ እሺ አላለም። አጥሩ ሥር ተደርድሮ ይጸልያል፤ የብረቱን በር ይሳለማል። የደብራችን ዘበኛ በረኪና የነከረ ጨርቅ ይዞ፣ አንድ ሰው ተሳልሞ ዞር ባለ ቁጥር ብረቱን ይወለውላል። «እናቴ፣ ከሩቅ ይሳለሙ» ይላል፤ እናትየው «አንተን ነው ወይስ መድኃኔ ዓለምን?» ትለዋለች። መጨረሻ ላይ ከአንዱ ዛፍ እስከ ሌላው ዛፍ ገመድ ወጥሮ፣ መሬቱ ላይ በኖራ ሁለት ሁለት የአዋቂ እርምጃ ለክቶ ዐረፈ። ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በኋላ ደግሞ ያም ቀረ።

ቅዳሴው አልተቋረጠም። ቅዳሴ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ካሉ ይቀደሳል፤ ሥርዓቱም ይኸው ነው። ነገር ግን በቅዳሴ ውስጥ የሕዝቡ ድርሻ የሆነ ተሰጥዎ አለ። ካህኑ ይላል፣ ዲያቆኑ ይላል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። ካሜራውን ያወደሱት ጸሐፊ ያላነሡት ይህን ነው። እኔ ቤት ቴሌቪዥን አለ፤ በዚያ ሰሞን ቅዳሴውንም ምሕላውንም ተከታትለናል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የልጅ ልጄ ግን ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ትራስ ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር የሚከታተለው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል አልተነሣም። ለቴሌቪዥን ማን ይነሣል?

ድምፅ ማጉያው ሌላ ነው። ከበሽታው በፊት የደብራችን ድምፅ ማጉያ የጠብ ምንጭ ነበር፤ በሌሊት ማኅሌት ሲቆም እንቅልፍ አጣን ብለው ወረዳ ድረስ የከሰሱ ጎረቤቶች ነበሩ። በሰሙነ ሕማማት ከከሳሾቹ አንዱ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ነጠላውን አደግድጎ ደጃፉ ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ከየግቢው የወንበርና የዱካ ድምፅ ይሰማል፤ ሰው እየተነሣ ነው። «እግዚኦ ተሣሃለነ» የሚለው መልስ መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካሉት ቤቶች፣ ቀጥሎ ከእኛ፣ ከዚያ ደግሞ ከላይኛው ሰፈር እየዘገየ ይመጣል። አንድ ላይ አይገጥምም። ካህኑ ግን ሰምተውት ኖሮ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ የላይኛው ሰፈር ድምፅ እስኪደርስ ጠብቀው መቀጠል ጀመሩ። በስቅለት በየደጃፋችን ሰገድን። ንስሐ አባታችን በወይራ ቅጠል የሚያሳርፉብን ጥብጣብ ቢቀርብንም ስግደቱን ግን ማንም አልቀነሰም። በፋሲካ ሌሊት፣ ሚያዝያ 11 ሊነጋ፣ ጧፉን በየበረንዳችን አበራን። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ከማጉያው ሲወጣ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ከሰፈሩ ሁሉ ተመለሰ። በዕድሜዬ ብዙ ፋሲካ አክብሬአለሁ፤ መልሱ እንዲህ ሲጮህ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ለኢንተርኔቱም የሚገባውን ልስጥ። ልጇ ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ጎረቤት አለችኝ። ልጅቱ በዚያ ወቅት ከቤት መውጣት ተከልክላ ነበር። እናትየው በቅዳሴ ሰዓት ስልኳን ከፍታ በመስኮቱ በኩል ወደ ድምፅ ማጉያው ትዘረጋለች፤ ክንዷ ሲዝል በሌላው እጇ ትይዘዋለች። ልጅቱም እዚያ ሆና ሹክ እያለች ተሰጥዎውን ትመልሳለች፤ አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት። ጸሐፊው እንዲህ ላለው ሰው ሥርጭት ያስፈልጋል ቢሉ አብሬአቸው እቆማለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ረመዳን ገባ፤ መስጊዱም ዝግ ነበር። አጥር የምንጋራው ሙስሊም ጎረቤቴ፣ አዛኑን ቤቱ ሆኖ ሰምቶ ለብቻው ሰግዶ ሲወጣ አገኘሁትና፣ «እናንተም እኛም በጆሮ ቀረን እኮ» አለኝ። መካነ ኢየሱስ የምትገለገለው የወንድሜ ሚስት ደግሞ ብዙም አልደነገጠችም። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲዘጋባቸው በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው መጸለይን ለምደውታልና።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ።

ደብሩን የሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤያችን የዓመት አስተዋጽኦ የከፈለውንና ያልከፈለውን የሚያውቅበት መዝገብ አለው። ማን ለብቻው እንደሚኖር፣ ማን ዐይኑ እንደማያይ፣ ማን ከአልጋ እንደማይነሣ የሚያውቅበት መዝገብ ግን አልነበረውም። ይህን የሚያውቀው ሰንበቴው ነበር፤ እሱም በወሬ እንጂ በጽሑፍ አልነበረም። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል የሰንበቴ ቤታችን ተቆለፈ። እኔም ያው የድሮ ሥራዬን አነሣሁ። በአንድ ባለ መስመር ደብተር ላይ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ስም፣ የክርስትና ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የንስሐ አባት ስም፣ በቅርብ ያለ ጎረቤት ስም ጻፍኩ። ጆሮው የሚከብድ ከሆነ አጠገቡ ምልክት አደረግሁ፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ከመደወል መላክ ይሻላል። ለአንድ ደዋይ አምስት ቤት ሰጠን። ከዚያ በላይ ከሆነ ሰው መደወሉን ግዴታ ያደርገውና «ደኅና ነዎት? በሉ ደኅና ይዋሉ» ብሎ ይዘጋል። ከማዞሪያ ቤት ያተረፍኩት ዕውቀት ይኸው ነው፤ ሰው የልቡን የሚናገረው ከሰላምታው በኋላ ባለው ዝምታ ውስጥ ነው፤ ለዝምታው ጊዜ ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ማታ ይደወላል፤ የማግስቱ ምስባክ፣ ማለትም ከወንጌሉ በፊት የሚዜመው የዳዊት መዝሙር ጥቅስ፣ ከወንጌሉ ጋር ይነገራል፤ የታመመ ካለ የክርስትና ስሙ ይመዘገባል። እሑድ ጠዋት አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ስሞቹን በወረቀት ለዘበኛው ያደርሳል፤ ዘበኛው ለካህኑ ይሰጣል፤ በጸሎት ይታሰባሉ። ስልክ ያላነሣ ሰው ካለ ጎረቤቱ እንዲያንኳኳ ይላካል። አንዲት አሮጊት እናታችን በተደጋጋሚ ተደውሎላቸው ሳያነሡ ሲቀሩ ሰው ልከን፣ በር ሊሰበር ትንሽ ሲቀረው፣ መዝሙረ ዳዊታቸውን እንደያዙ ወጥተው «ከእግዚአብሔር ጋር ስነጋገር እናንተ ምን ቤት ናችሁ!» ብለው አንባረቁብን። ከዚያ ወዲህ የሚጸልዩበት ሰዓትም ደብተሩ ላይ ተጻፈ።

ዳቦውም አልተቋረጠም። ሰንበቴ ማለት ተረኛው ድፎና ጠላ ይዞ መጥቶ አብሮ መቋደስ ብቻ የሚመስለው ሰው፣ ከዚያ ማዕድ እነማን ይበሉ እንደነበር አላየም። በደጀ ሰላሙ የሚቀመጡት የኔ ቢጤዎች ከምእመናን እጅ ነበር የሚኖሩት። ምእመናን ሲቀሩ እጁም ቀረ። የያኔዋ ጤና ሚኒስትር ዶ/ር ሊያ ታደሰ የየዕለቱን ቁጥር ሲነግሩን ሁላችን ጆሮ እንሰጥ ነበር፤ በፋሲካ ሰሞን በመላ አገሪቱ በበሽታው መያዛቸው የተረጋገጠው መቶ ገደማ ነበሩ። በራችን ላይ የተራቡትን ግን በቴሌቪዥን የሚቆጥር አልነበረም። ተረኛዋ እቤቷ ጋግራ፣ ቆርሳ፣ በፌስታል በፌስታል አድርጋ ትልካለች፤ ካህኑ በር ላይ ሆነው ቅርጫቱን ባርከው «አባታችን ሆይ» ያደርሳሉ፤ ሁለት ወጣቶች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ያድላሉ። ከቤት ለማይወጡት አባሎቻችንም ከዚያው ጸበል ጸዲቅ ይደርሳቸዋል። ጠላው ግን ቀረ። በፌስታል የሚሄድ ነገር አይደለም፤ በዚህ የተቀየሙን አባቶችም አልጠፉም።

በዚያ ዓመትና በተከታዩ ከአባሎቻችን የተለዩን አሉ። እንደ ወጉ አልቅሰን አልቀበርናቸውም። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልፈልግም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ያለፈውን ለማወደስ ብቻ አይደለም። በሩ ሲከፈት ሁላችንም በደስታ ገባን። ጠላው ተመለሰ፤ የድምፅ ማጉያው ክርክርም ተመለሰ። የቅዳሜ ማታው ስልክ ግን ቀስ በቀስ ቀረ፤ ደዋዮቹ «አሁንማ ሁሉም ይመጣል» አሉ። ሁሉም አይመጣም። ደብተሩን ገልጬ ስመለከት፣ ኮሮና ከመግባቱ በፊትም የአልጋ ቁራኛ የነበሩ፣ ዛሬም የሆኑ ስሞች አሉበት። ለእነሱ ቤተ ክርስቲያን ከመጋቢት 2012 በፊት ዝግ ነበረች፤ ዛሬም ዝግ ናት። የተከፈተችላቸው እኛ ሁላችን እነሱን በሆንባቸው በእነዚያ ወራት ብቻ ነበር። ያኔ በየሳምንቱ ይደወልላቸው ነበር፣ ስማቸው በጸሎት ይነሣ ነበር፣ ዳቦው ይደርሳቸው ነበር። አንድ ዐይነ ስውር መሪጌታ ባለፈው ወር ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ያ በሽታ ሲጠፋ እኔም ከደብተራችሁ ጠፋሁ» አሉኝ። ሲናገሩ እየሳቁ ነበር፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤያት አንድ ነገር እለምናለሁ። ደብተሩን ከሰንበቴ እጅ አውጥታችሁ የደብሩ መዝገብ አድርጉት፤ እኛ አርጅተናል። ለአባልነት መዋጮ ሰው ስትመዘግቡ የክርስትና ስሙንና በቅርብ ያለውን ጎረቤቱን አብራችሁ ጻፉ። ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አምስት አምስት ቤት ስጡ። ንስሐ አባቶች ለንስሐ ልጆቻቸው እንዲደውሉ አሳስቡ፤ ከደመወዛቸው ላይ የስልክ ካርድ እንዲገዙ ግን አትጠብቁ፤ ለካሜራ የሚዋጣ ገንዘብ ካለ ካርዱም ከዚያው ይውጣ።

ደብተሩን እንዴት እንደምንይዘው ማየት የሚፈልግ የደብር ጸሐፊ ካለ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰንበቴ ቤታችን ይምጣ፤ ቁጥሬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ። በኪዳን ጸሎት ሰዓት ግን እንዳይደውልብኝ፤ አላነሣም።

የሰንበቴ ማኅበር ጸሐፊ
(ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ