የጨጓራ ታማሚ ኩላሊቱም ይታይለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ እናቴ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ሐይቅ ነው።

ጨጓራዋን ካመማት ስድስት ዓመት አልፏል። መጀመሪያ ደም ሰጥታ «ባክቴሪያ አለብሽ» ተባለች። ሁለት አንቲባዮቲክ፣ አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን፣ ከአሲድ መቀነሻው ኦሜፕራዞል ጋር ታዘዘላት። አፏ እየመረራት 14 ቀን ሙሉ ውጣ ጨረሰች። በዓመቱ ቃሩ ተመልሶ መጣ። ሌላ ክሊኒክ ሄድን። አሁንም ደም፣ አሁንም «ባክቴሪያ አለ»፣ አሁንም እነዚያው ሦስት መድኃኒቶች። ሦስተኛም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። በየመሃሉ ኦሜፕራዞሉን ራሷ እያስገዛች ትውጣለች። ፌጦውም ተልባውም አልቀረም።

ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ እግሯ አበጠ። ጎረቤቶቿ «አብሽሪ፣ ድካም ነው» ቢሏትም እኔ ደሴ አመጣኋት። ያየቻት ሐኪም ወጣት ናት። «እማማ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያሳዩኝ» አለቻት። እናቴ ከጉያዋ ጥቁር ፌስታል አወጣች። ሐኪሟ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችውና አንድ በአንድ ትለይ ጀመር። ግማሹ የተጋመሰ ነው፤ ግማሹ ጽሑፉ ለቋል። ከመሃል ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ስታገኝ ለብቻው ወደ ጎን አደረገችው።

«ይሄ ለምንድን ነው እማማ?»

«ለጉልበቴ ነው ልጄ። ገበያ ውዬ ስመጣ አንድ እውጣለሁ። ሲብስብኝ ሁለት።»

ያንን መድኃኒት ከደሴ እየገዛ የሚልክላት ልጇ ነው። እኔ ነኝ። ማዘዣ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሐኪሟ እንዳስረዳችን ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ያቆስላል፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም ይቀንሳል። ኦሜፕራዞልም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አንዳንድ ሰው ላይ ኩላሊትን ሊያስቆጣ ይችላል። ክሬቲኒን የሚባለው፣ ኩላሊት በደንብ መሥራቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ለእናቴ 1.8 ሆኖ ተገኘ፤ ከሚገባው በላይ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ኩላሊቷን ለማየት ያሰበ አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ሰፈራችን ውስጥ «የጨጓራ ባክቴሪያ ኩላሊት ይበላል» ይባላል። እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ባክቴሪያው ባለባቸው ሰዎች ሽንት ውስጥ ፕሮቲን በብዛት እንደሚታይ የሚናገሩ ጥናቶች አሉ፤ ይህንን ያላገኙም አሉ። ባክቴሪያው እጅግ ብዙ ሰው ሆድ ውስጥ ስለሚኖር የኩላሊት ታማሚ ላይ ቢገኝ አይገርምም፤ ስለተገኘ ብቻ ኩላሊቱን ያበላሸው እሱ ነው ማለት አይቻልም። አንድ ነገር ግን ደነቀኝ። ገበሬው በማዳበሪያነት የሚያውቀው ዩሪያ በሰውነታችንም ውስጥ አለ፤ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት የሚያስወጣው ነው። ባክቴሪያው ጨጓራ ውስጥ ያገኘውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይቀይርና በዚያ አሲዱን ይከላከላል። በዚያ ሁሉ አሲድ ውስጥ የሚኖረው በዚህ ዘዴ ነው።

የደሙ ምርመራ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ሰውነት የሠራው መከላከያ ደም ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። የደሙ ምርመራ የሚያየው ይህንኑ መከላከያ ስለሆነ የዳነ ሰው እንደገና «አለብህ» ሊባል ይችላል። መዳንን የሚያሳየው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። እሱም አንቲባዮቲክ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚሠራው። እናቴ ሐኪሟ ባለችው መሠረት ጠብቃ ሰገራ ሰጠች። ባክቴሪያ የለም። ሦስተኛውን ዙር፣ ምናልባትም ሁለተኛውን፣ የዋጠችው እንዲያው በከንቱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ጋዜጣችሁን የምለምነው ይህንን ነው። የጨጓራና የኩላሊት ሐኪሞችን አነጋግሩልን። በዕድሜ የገፋ ሰው፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ለጨጓራ ሲመጣ ለምን ክሬቲኒኑ አይታይም? የማስታገሻ መድኃኒትስ ለምን እንደ ከረሜላ ይሸጣል? በየገጠሩ እንደ እናቴ ፌስታል ይዘው የሚዞሩ ብዙ እናቶች አሉ።

እናቴ ዳይክሎፌናኩን ትታለች። ጉልበቷን ማታ ማታ በሞቀ ጨርቅ እንይዝላታለን። በሚቀጥለው ወር ለክሬቲኒኑ ቀጠሮ አለን፤ ፌስታሉንም ይዘን እንሄዳለን።

አክባሪያችሁ
ልብስ ሰፊው፣ ከደሴ