ስለ ደመወዜ ለጠየቁኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «የሁለት ዓመቱ ቁርጥ ደመወዝ ሲያበቃ በምን ሊከፍሉሽ ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ በቅጡ ሳልመልስ ቀረሁ። ዕድሜዎን በልብስ ስፌት ስለኖሩ ነገሩ አይጠፋዎትም፤ በሰፉት ልክ እንደ መከፈል ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የሐኪም ሥራ ነጥብ ሰጥቶ ይከፍላል። ነጥቡ የሐኪሙን ሥራ፣ የክሊኒኩን ወጪና የሕክምና ስህተት መድንን ይይዛል። አሠሪዎች ታዲያ የሐኪሙን ድርሻ ብቻ ወስደው ውሉ ላይ በተጻፈው ዶላር ያባዙታል።

በዚህ ሳምንት አንዲት ባልቴት መጡ። የስኳር መድኃኒታቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ የጠርሙሱ እሽግ እንኳ አልተነካም። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ፍሬ አልዋጡም። ማስታወሻዬን መጻፉን ጨምሮ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ 2.80 ነጥብ ሆነ። በዚያው ጊዜ ደም ግፊትና ስኳር ያለባቸውን ሦስት ታካሚዎች መድኃኒት አስተካክዬ ብሸኝ እያንዳንዳቸው 1.92፣ በድምሩ 5.76 ይሆንልኝ ነበር። በማግስቱ ደግሞ ለልጃቸው ደውዬ ሩብ ሰዓት አስረዳሁ። ይህ በነጥቡ ውስጥ አልገባም፤ የሚቆጠረው ታካሚው የታየበት ቀን ሥራ ብቻ ነውና።

መለካቱን አልጠላሁትም። ብዙ የሚደክም ሐኪም ብዙ ቢከፈለው ተገቢ ነው። የሚያስፈራኝ እጄ በር ላይ ሆኖ ሰው ማዳመጥ መልመድ ነው። እርስዎ እጅጌው የተንጋደደ ኮት ሲገጥምዎት ፈትተው እንደገና ይሰፉት ነበር፤ ለመፍታቱ የከፈለዎት ሰው አላስታውስም።

ስለዚህ አዲሱን ውል ገና አልፈረምኩም። በግማሽ ቀን የማያቸው ታካሚዎች ቁጥር በጽሑፍ እንዲወሰን፣ የታካሚ መልእክት ለምመልስበትም የተከፈለ ሰዓት እንዲመደብልኝ ጠይቄአለሁ። ለቁርጡ ደመወዝ አንድ ዓመት ቢጨምሩልኝም ደስ ይለኛል፤ ይህን እንኳ የሚሰጡኝ አይመስለኝም።

መልሳቸውን ሐሙስ እሰማለሁ፤ ማታውኑ እደውልልዎታለሁ። ለእርስዎ የምልከው አይጓደልም፣ በዚህ አይጨነቁ። የጉልበትዎን ኪኒን ከምግብ በኋላ ይውሰዱ።

ልጅዎ