ቅጠሉ በጀት አይጠብቅም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአሜሪካ ግዛቶች ለዲጂታል ካርታ የሚውል የአየር ፎቶ የማስነሳት ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ሁለት ነገር ላይ ይጠመዳል፦ ስንት ያወጣል? ካሜራው ምን ያህል አጥርቶ ያያል? ሥራውን ደጋግሞ የሚያበላሸው ግን ሦስተኛው ነው፤ ገንዘቡ የሚለቀቅበት ወር። በቂ በጀት የተያዘለት ፕሮጀክት በሁለት ወር መዘግየት ዓመቱን ሙሉ እንደሚያጣ የካርታ ሰዎች ያውቁታል። በጀት ለሚያጸድቁት ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ አይነገራቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገድ፣ የቤት ጣሪያ፣ የፍሳሽ ቦይና የአጥር መስመር ከፎቶ ላይ ተለቅመው ካርታ እንዲሆኑ ዛፉ ቅጠሉን ያራገፈበት፣ በረዶው የቀለጠበት፣ ወንዙም ሞልቶ ያልፈሰሰበት ጊዜ ያስፈልጋል። በመካከለኛዎቹ ግዛቶች ይህ ጊዜ ከማርች መጀመሪያ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ገደማ ያለው ጥቂት ሳምንት ነው። ወደ ደቡብ ይቀድማል፣ ወደ ሰሜን ይዘገያል። «በዲሴምበርስ ዛፉ ባዶ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ነው፤ ነገር ግን በ45 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ በዲሴምበር ማብቂያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ በላይ ከ22 ዲግሪ አትዘልም። ውሎች አብዛኛውን ጊዜ 30 ዲግሪ የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ30 ዲግሪ የ20 ሜትር ሕንፃ ጥላ 35 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ፀሐይ ከዚያ ዝቅ ካለች ጥላው ማዶ ያለውን መንገድ ከነእግረኛ መሄጃው ይውጠዋል።

አሁን የበጀቱን ቀን መቁጠሪያ ከጎኑ እናስቀምጠው። ከ50ዎቹ ግዛቶች በ46ቱ የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምርና ጁን 30 ያልቃል። ገንዘቡ በጁላይ ተለቅቆ የጨረታ ሰነዱ እስከ ኦገስት መጨረሻ ከወጣ፣ ግምገማውና ድርድሩ አራት ወር ቢፈጅ፣ ውሉ በጃንዋሪ ይፈረማል። ከዚያ የበረራ ዕቅድ ይወጣል፣ በፌብሩዋሪ ከአየር የሚታዩ የመሬት ምልክቶች ይነጠፋሉ፣ በማርች አውሮፕላኑ ይነሳል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ትርፍ ጊዜ የለም። ምክር ቤቱ በጀቱን ወደ መኸር ካስተላለፈው ውሉ የሚፈረመው ዛፉ ሲያቆጠቁጥ ነው። ያኔ ቅጠል ላይ መብረር ወይም ቀጣዩን ዓመት መጠበቅ ብቻ ነው የቀረው፤ ለፖለቲካ የሚመቸው የመጀመሪያው ስለሆነ ብዙ ጊዜ እሱ ይመረጣል፣ ገንዘቡንም ውሃ ይበላዋል።

በጊዜው ቢበረርም ሌላ ጉድጓድ አለ። ጥሬው ፎቶ ተሰልቶ፣ ተስተካክሎና ተሰፍቶ እስኪያልቅ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይሄዳል፤ ርክክቡ ከጁን 30 ያልፋል ማለት ነው። በጀቱ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ግምጃ ቤት የሚመለስ ዓይነት ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ያልተመረመረ ሥራ ተቀብሎ ይከፍላል፣ ወይም ክፍያውን ከሚቀጥለው ዓመት በጀት ይለምናል። መውጫው ገንዘቡን በዓመት በማይታጠፍ ሒሳብ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ይህ ካልተቻለ ክፍያውን በደረጃ መክፈል ይረዳል፤ ለምሳሌ ጥሬ ፎቶው ተመርምሮ ሲጸድቅ 35 በመቶ፣ የስሌቱ ሪፖርት ሲቀርብ 15፣ የተጠናቀቀው ምስል ሲገባ 40፣ ቀሪው 10 ሁሉም እርማት እስኪያልቅ በመያዣነት ይቆያል። በዚህ አካሄድ ከጁን 30 በፊት ቢያንስ የመጀመሪያው ክፍያ በሕጋዊ ርክክብ ይወጣል።

የፌዴራሉ መንግሥት ፎቶ በነጻ እያለ ለምን ገንዘብ ይወጣል የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሳል። የግብርና ሚኒስቴሩ ከ2003 ጀምሮ የሚያስነሳው የአገር አቀፍ የግብርና ምስል በእርግጥ ጠቃሚ ነው። ዓላማው ግን ሰብል ነው፤ ስለዚህ የሚነሳው ልምላሜው ሲጠና ነው፣ አንድ ፒክስሉ (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) በአብዛኛው መሬት ላይ 60 ሴንቲሜትር ይሸፍናል። የመንገድ ላይ የጉድጓድ ክዳን ስፋቱ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በዚያ ምስል ላይ ክዳኑ አንድ ነጥብ ነው፤ ከአስፋልት ንጣፍ ወይም ከዘይት ጠብታ አይለይም። በ15 ሴንቲሜትር ምስል 16 ነጥብ ይሆናል፣ ዓይን ይለየዋል። በ7.5 ሴንቲሜትር 64 ነጥብ ይሆናል፣ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይቆጥረዋል። ለደን ቆጠራ የፌዴራሉ ይበቃል፤ ለአምቡላንስ አድራሻ ግን አይበቃም።

ስለ ጥራት ስናወራ አንድ የተሳሳተ ስሌት መታረም አለበት። ፒክስሉ በግማሽ ሲያንስ ዋጋው አራት እጥፍ ይሆናል ይባላል፤ ይህ ግማሽ እውነት ነው። የፎቶው ብዛትና የኮምፒውተር ሥራው አራት እጥፍ ያድጋል፤ የበረራው ሰዓት ግን በእጥፍ ብቻ ያድጋል። ጎኑ 26,000 ፒክስል የሆነ ትልቅ ካሜራ በ15 ሴንቲሜትር ጥራት 3.9 ኪሎ ሜትር ስፋት ያነሳል። ጎን ለጎን ያሉት መስመሮች 30 በመቶ እንዲደራረቡ ስለሚፈለግ በመስመርና በመስመር መካከል 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። 100,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት ላለው ግዛት ይህ 37,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የበረራ መስመር ነው፤ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ሲበረር፣ መዞሪያና መመላለሻ ሳይቆጠር፣ 148 ሰዓት ይወስዳል። አንድ አውሮፕላን በቀን አራት ሰዓት ጥሩ ብርሃን ቢያገኝ 37 የጠራ ቀን ያስፈልገዋል። በዚያ አጭር ወቅት 12 የጠራ ቀን ከተገኘ እንደ ዕድለኛ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሦስት አውሮፕላን አይበቃም፣ አራት ይታሰብ። የጨረታ ገምጋሚዎች ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለባቸው ይህንን ነው፦ ስንት አውሮፕላን፣ ስንት ካሜራ፣ በዚያው ወር ለሌላ ግዛት ቃል ያልተገባባቸው ስንቱ ናቸው?

የዋጋ ክፍፍሉ ላይ የሚሠራ መንገድ አለ። ግዛቱ ለሁሉም እኩል የሆነ መሠረታዊ ጥራት ይከፍላል፣ 30 ወይም 15 ሴንቲሜትር። የተሻለ የሚፈልግ ካውንቲ (የግዛቱ ንዑስ አስተዳደር) ወይም ከተማ በዚያው ውል ልዩነቱን ብቻ ይከፍላል። ጥሩ ነው፤ የሚበላሸው ግን ካውንቲው ዘግይቶ «እኔም እገባለሁ» ሲል ነው። ጥራት ሲቀየር የበረራው ከፍታ ይቀየራል፣ መስመሩ እንደ አዲስ ይሠመራል፣ የመሬት ምልክቱም ቦታ ይዛወራል። ስለዚህ የመግቢያው ቀን በኖቬምበር መጨረሻ ይዘጋ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ለቀጣዩ ዙር ይመዝገብ። ልመና መስማት አያዋጣም። ከተማዎችም የተቆራረጠ ቅርጽ ይዘው መምጣት የለባቸውም፤ አውሮፕላን ቀጥ ብሎ ሲበር እንጂ ሲዞር ስለማያነሳ፣ የመዞሪያው ሰዓት ከፎቶው ሰዓት ይበልጥና ሒሳቡ ይንራል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው ሰሜን ካሮላይና ጥሩ ምሳሌ ናት። በ2010 መላው ግዛቷ የተነሳው ከ911 የድንገተኛ ጥሪ ቦርድ በተገኘ ገንዘብ ነበር፤ ይህ ገንዘብ ከስልክ ተጠቃሚዎች ከሚሰበሰብ ክፍያ የሚመጣ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጥሪ ተቀባዩ ደዋዩ ያለበትን ቤት በካርታ ላይ ማየት አለበት፣ ካርታውም አዲሱን ሰፈር ማሳየት አለበት። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ግዛቷ በአራት ተከፍላ በየዓመቱ ሩቧ ይነሳል። የዚህን ጥቅም ከውጭ ያየ ሰው በቀላሉ አይገምተውም። በአንድ ጊዜ ስጦታ መላውን ግዛት ያስነሳ መንግሥት ከስድስት ዓመት በኋላ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ሰነዱን የጻፈው ሰው ለቋል፣ የጥራት ምርመራ ያወቁት ተበትነዋል። ሩብ ሩቡን የሚያስነሳው ግን በየዓመቱ አንድ ዓይነት መጠን ያለው ገንዘብ ይጠይቃል፣ አንድ ዓይነት ሰነድ አሻሽሎ ያወጣል፣ ስህተቱንም በቀጣዩ ሩብ ያርማል። አንድ ጥንቃቄ፦ የሩቦቹ ድንበር ላይ ቢያንስ አንድ ረድፍ ምስል ተደራርቦ ይነሳ። አለዚያ በድንበሩ ላይ ያለ መንገድ በአንዱ ዓመት ምስል ያልቅና በሌላው ዓመት ምስል ከጎኑ ፈንጠር ብሎ ይጀምራል።

ካርታ ሠሪ ያልሆነ ሰው የማያስበው ወጪ የመሬት ከፍታ ሞዴሉ ነው። የአየር ፎቶ ካርታ የሚሆነው የዳገቱና የቁልቁለቱ ማዛባት ሲወገድ ነው፤ ለዚያም እያንዳንዱ ነጥብ ከፍታው መታወቅ አለበት። አውሮፕላኑ 3,750 ሜትር ላይ ሲበር፣ ከፎቶው መሐል 1,500 ሜትር ርቆ ባለ ቦታ ላይ የከፍታ ሞዴሉ በ2 ሜትር ቢሳሳት፣ ነጥቡ 80 ሴንቲሜትር ይሸሻል። ይህ በ15 ሴንቲሜትር ምስል ከአምስት ፒክስል በላይ ነው። አሮጌ ሞዴል ላይ አዲስ ፎቶ ማልበስ የሚያመጣው ይህን ነው፤ በተለይ አዲስ አውራ ጎዳና ተቆርጦ ወይም ኮረብታ ተደልድሎ ከሆነ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተነሳ የሊዳር (የመሬትን ከፍታ በሌዘር የሚለካ መሣሪያ) መረጃ ያለበት አካባቢ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ድልድይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሞዴሉ የሚያውቀው ከድልድዩ በታች ያለውን ሸለቆ እንጂ ድልድዩን አይደለም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ድልድዩን ወደ ሸለቆው አጥፎ ያሰርገዋል፣ ሐዲዱም እንደ ቀለጠ ሻማ ይጣመማል። በውሉ ውስጥ «ድልድዮች በእጅ ይታረማሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ ማንም በነጻ አያርምም። ረጃጅም ሕንፃዎችም በዚያው ርቀት 60 ሜትር ከፍታ ያለው ወደ 24 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይጋደማል፤ ለመሐል ከተማ ብቻ የፎቶዎቹን መደራረብ በበረራው አቅጣጫ ወደ 80፣ በጎን ወደ 60 በመቶ ከፍ ማድረግ ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

የመለኪያውን ጫማም መጥቀስ ግድ ይላል። አሜሪካ ሁለት ዓይነት ጫማ ስትጠቀም ኖራለች፤ የቀያሾችና የዓለም አቀፉ። ልዩነታቸው ከሚሊዮን ሁለት ነው፣ ምንም የማይመስል። ነገር ግን የግዛቱ መጋጠሚያ ቁጥር (ቦታን የሚያመለክተው የካርታ ቁጥር) 2,000,000 ጫማ አካባቢ ሲሆን ስህተቱ 4 ጫማ ይሆናል። የቀያሾቹ ጫማ በ2022 መጨረሻ በይፋ ቢሰናበትም አሮጌው መረጃ በእሱ እንደተጻፈ ነው። የጨረታ ሰነዱ «ጫማ» ብሎ ዝም ካለ አዲሱ ምስል ከአሮጌው የቦታ ይዞታ መስመር ጋር አይገጥምም፤ ጥፋተኛ ፍለጋው ደግሞ ወራት ይፈጃል።

ስለ ምርመራ አጭር እንናገር። የአሜሪካ የፎቶግራሜትሪና የርቀት ቅኝት ማኅበር በ2023 ባሻሻለው መለኪያ የማረጋገጫ ነጥቦቹ (የምስሉ ትክክለኛነት መሬት ላይ ተለክቶ የሚነጻጸርባቸው ቦታዎች) ትንሹ ቁጥር ከ20 ወደ 30 ከፍ ብሏል። እነዚህን ነጥቦች መለካት ያለበት ከአብራሪው ድርጅት ጋር ያልተያያዘ ቀያሽ ነው፣ ቦታቸውም ለአብራሪው አይነገረው። ከዚያ የዓይን ምርመራው ይመጣል። 100,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በ1.5 ኪሎ ሜትር ጎን ቢቆራረጥ ከ44,000 በላይ ቁራጭ ይሆናል፤ አንዱን በሁለት ደቂቃ ብናይ ወደ 1,480 ሰዓት ነው። አንድ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ 37 ሳምንት ይፈጅበታል። ስለዚህ የካውንቲ ሠራተኞች የየራሳቸውን አካባቢ በድረ ገጽ እንዲያዩ ማድረግ ይሻላል፤ የተቆረጠ ጣሪያን፣ የተሰነጠቀ መንገድንና ድንገት ቀለሙ የሚቀያየር ማሳን ከእነሱ በላይ የሚለይ የለም። የማሳያው ጊዜ ግን 45 ቀን ተብሎ ይገደብ፣ እርማቱም አንድ ዙር ይሁን። በየሳምንቱ የሚመጣ አስተያየት ሲጠበቅ የመጨረሻው ርክክብ ሁለተኛውን ክረምት ያያል።

በመጨረሻም ስለ ባለቤትነት። አንዳንድ ድርጅቶች ምስሉን በርካሽ በዓመት ኪራይ ያቀርባሉ። ዋጋው ይማርካል፤ ውሉ ግን ምስሉን ለሕዝብ ማውጣትን ይከለክል እንደሆነ፣ ኪራዩ ሲቆም አሮጌው ምስል ምን እንደሚሆን፣ ከመፈረም በፊት በጥንቃቄ ይነበብ። ግዛቱ የገዛው ምስል ከሆነ ርክክቡ የተጠናቀቀውን ቁራጭ ብቻ አይደለም፤ ጥሬ ፎቶው፣ የካሜራው የልኬት ምስክር ወረቀት፣ የእያንዳንዱ ፎቶ ቦታና አቅጣጫ፣ የመስፊያው መስመርና በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ፎቶው የተነሳበት ቀን አብረው ይገባሉ። ባለ አራት ቀለም ምስል በ15 ሴንቲሜትር ሳይጨመቅ ለአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 178 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ለመላው ግዛት ወደ 18 ቴራባይት፣ ጥሬው ደግሞ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። የማስቀመጫው ዋጋ የበጀት ጥያቄው ውስጥ በራሱ መስመር ይጻፍ፤ ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ዙር።

ከአክብሮት ጋር
የካርታና የአየር ፎቶግራፍ ባለሙያዎች